ድምፄን ትሰማለህ፣ ፎቶዬን ግን አታይም

ማክሰኞ ጠዋት ነው። ኮምቦልቻ፣ ከቤት ወጥቼ ባጃጅ እየጠበቅኩ ነበር። ከእናቴ የድምፅ መልእክት ገባ። እናቴ ማንበብ ትችላለች፤ በስልክ መጻፍ ግን አይሆንላትም። ዋትሳፕ ላይ ሁሉን ነገር በድምፅ ነው የምትልከው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩት።

«ልጄ፣ ደህና ነህ ወይ? ያጠፋሁት ነገር ካለ አፉ በለኝ።»

ከዚያ በኋላ ቃል የለም። ሲኒ ሲጋጭ ብቻ ይሰማል።

ወሎ ያደገ ሰው ይህችን ቃል ያውቃታል። አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ነው፤ ክብደቷ ግን ሌላ ነው። ሰው ሩቅ አገር ሊሄድ ሲነሳ ይላታል። ታሞ ሲተኛ ይላታል። ተኳርፈው የከረሙ ጎረቤቶች ሲታረቁ ይባባሏታል። እናት ልጇን ከመሬት ተነስታ አፉ በለኝ አትልም። ባጃጁን አሳለፍኩና ደወልኩ።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ። አንተ ነህ እንጂ። ድምፄን ትሰማለህ፣ ፎቶዬን ግን አታይም። ሁለት ጁምዓ አለፈ። ተቀይሞኛል ብዬ ነው።»

የምትለው እስኪገባኝ ጥቂት ቆየሁ።

እናቴ ከቀን ቀን ስታተስ፣ ያንን በ24 ሰዓት የሚጠፋውን ፖስት፣ ሳትለጥፍ አትውልም። የደሴው ተራራ ጦሳ ጭጋግ ለብሶ ያደረ እንደሆነ ጦሳን ታነሳለች። ቡና ሲፈላ ጀበናውን። ዝናብ ሲመጣ ግቢው ውስጥ የሚወርደውን ውኃ። ከለጠፈች በኋላ ግማሽ ሰዓት ትታገሥና ከታች ያለችውን የዓይን ምልክት ነካ ታደርጋለች። ያዩት ሰዎች ስም ይዘረዘራል። መነጽሯን ታጠልቅና በጣቷ እየተከተለች፣ ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ታነበዋለች። የተመለከቱበት ሰዓትም አጠገቡ አለ። «ጎረቤቴ ገና በሌሊቱ ነው ያየችው፣ እንቅልፍ እምቢ ብሏት ይሆን?» ትላለች። በማግሥቱ ሄዳ ትጠይቃታለች።

ያ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ እኔ አልነበርኩም።

የጠፋሁት በራሴ እጅ ነው። ሥራ ቦታ አንድ ሰው፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስታተሴን አይተሃል፤ አንተ አትተኛም እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። ክፋት አልነበረውም። እኔን ግን ቆረቆረኝ። የማልተኛበት ምክንያት ነበረኝ፤ ለማንም ልነግረው አልፈለግኩም። የዚያኑ ምሽት ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሪድ ሪሲት የሚለውን አጠፋሁት። ቀለል አለኝ። ከዚያ በኋላ የማንንም ስታተስ ሳይ ስሜ አይወጣም።

ይህች ማጥፊያ ዋትሳፕ ላይ አንድ ሆና ሁለት ሥራ ትሠራለች። መልእክት ማንበብህን የሚናገሩትን ሰማያዊ ምልክቶች ታጠፋለች። የሰው ስታተስ ስታይም ስምህን ትደብቃለች። በልዋጩ አንተም ያንተን ስታተስ ማን እንዳየው አታውቅም። የማትሸፍናቸው ነገሮችም አሉ። አንደኛው ግሩፕ ውስጥ ማንበብህ ነው። ሌላው የድምፅ መልእክት ማዳመጥህ ነው። ድምፁን ስትከፍት ላኪው ዘንድ የማይክሮፎኑ ምልክት ሰማያዊ ይሆናል፤ እሱን የሚያጠፋ ነገር የለም።

የእናቴ ስሌት እንግዲህ ትክክል ነበር። ድምፅዋን እንደሰማሁ ስልኳ ይነግራታል። ስለዚህ በሕይወት አለሁ፣ ስልኬም አልጠፋም። ፎቶዋን ግን አላየሁም። ሰው በሕይወት እያለ፣ ስልኩ በእጁ እያለ፣ የእናቱን ጀበና ማየት ካቆመ ሌላ ምን ይባላል? ተቀይሟል።

እናቴ ካለችበት ደሴ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ሙቀት፣ እዚያ ብርድ። በሚኒባስ ቢበዛ አንድ ሰዓት። በዚህ ቅርበት ሆኜ እናቴን ሁለት ሳምንት በሐሳብ አንገላታሁ። አንዲት ማጥፊያ በመንካት።

ያን ቀን ሥራ ላይ ሆኜ የማስበው ስለ ቅሬ ነበር። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንላለን። ሰው ሲሞት ሰፈሩ ይወጣል። ስም ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ልጅ ሆኜ ይህ የስም ጥሪ ቁጥጥር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አባቴ ሲሞት ነው የገባኝ። የለቅሶው ሰሞን እናቴ አንድ ቀን ማታ ቁጭ ብላ ማን ማን እንደመጣ መቁጠር ጀመረች። የመስጊድ ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ከባቲ ድረስ የመጣ ዘመድ። አንድ በአንድ ስም ትጠራለች። እየጠራች ፊቷ ይፈታል። ሐዘኑን የሚያቀልላት ያ ቆጠራ ነበር። እኛ ዘንድ መጠየቅ ማለት ሄዶ መታየት ነው። በሩቁ «አዝኛለሁ» ብሎ በልቡ የያዘ ሰው አልጠየቀም። ታይቶ፣ አፈር ሲበተን ቆሞ፣ ንፍሮ ቀምሶ የተመለሰ ነው የጠየቀ። ለእናቴ የስታተሱ ዝርዝር ይኸው ነው። ቡናዋን ይዛ ስም ትጠራለች።

ሌላም ነገር አለ። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስልክ ጠፋ። እኔ ወጥቼ ነበር፤ እሷ አልወጣችም። ከተማዋ በኅዳር መጨረሻ እስክትለቀቅ ድረስ ድምፅዋን አልሰማሁም። በ2015 ማብቂያ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ወራት ቆየ። ያኔ መደወል ይቻላል፤ ግን እህቴ ሳዑዲ ናት፣ የምትገኘውም በኢንተርኔት ነው። እናቴ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ልጅ እየላከች «እህትህ አለች ወይ በልልኝ» ትል ነበር። የ24 ሰዓት ፖስት ሰው አይጠብቅም። ኔትወርክ ተመልሶ ሲመጣ በመካከሉ የተለጠፈው ሁሉ ጠፍቷል። በእነዚያ ወራት እህቴ ለጥፋ ሳይታይ የጠፋው እናቴን እስከዛሬ የሚቆጫት ይመስለኛል። እንዲህ ያለውን ዝምታ የቀመሰች ሴት ስም ከዝርዝር ሲጎድል ትደነግጣለች። እኔ ይህን ማወቅ ነበረብኝ።

ማጥፊያዋን መለስኳት። ስሜ ተመለሰ። ነገሩ ግን በዚህ አላለቀም፤ ከዚያ በኋላ ስለ እህቴ ማሰብ ጀመርኩ። እሷ ጋ ያው ዝርዝር ሌላ መልክ አለው።

እህቴ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ስልክ የምትይዘው ሥራ ስትጨርስ፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ነው። ሳዑዲና እኛ በሰዓት አንለያይም፤ እነሱ አሥራ አንድ ሲሉት እኛ አምስት እንለዋለን እንጂ ሌሊቱ አንድ ነው። እናቴም አብዛኛውን የምትለጥፈው ለእሷ ነው። ጦሳም ጀበናውም ለእሷ ነው። ችግሩ ስታተስ ለአንድ ሰው ብዬ ብለጥፈው ለአንድ ሰው አለመሄዱ ነው። ካልቀየርነው በስተቀር ቁጥራቸውን ለያዝናቸው፣ እነሱም የኛን ለያዙት ሁሉ ይታያል። የእናቴ ስልክ ውስጥ ደግሞ ሁሉም አለ። የቅሬው ሰብሳቢ፣ ከሰል ሻጯ፣ ሁለት ባጃጅ ነጂ፣ ሰኞ ገበያ ጤፍ የምትገዛው ነጋዴ፣ እህቴን የላከው ደላላ ሳይቀር።

አንድ ጊዜ እህቴ ብር ላከች። ከባንክ የገባውን መልእክት የጎረቤት ልጅ ስክሪንሹት አደረገላት፤ እናቴም «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ አላህ ይጠብቅሽ» ብላ ስታተስ ላይ አወጣችው። ምስጋና ነበር። ልጇ ማታ ስትመጣ እንድታየው። መጠኑም፣ ከሒሳብ ቁጥሩ ከፊሉም፣ ሙሉ ስሟም ነበረበት። ማታ እህቴ ስታየው በዝርዝሩ ላይ ከሠላሳ በላይ ሰው ነበር።

በማግሥቱ አንድ ዘመድ ብድር ሊጠይቅ መጣ። እሱስ ይሁን፤ ዘመድ ነው። በሦስተኛው ቀን የማታውቀው ቁጥር ደወለ። በትሕትና አንቱ እያለ ነው የሚያወራት። «ከባንክ ነው፣ ከውጭ የተላከልዎት ገንዘብ እንዳይመለስ ስልክዎ ላይ የገባውን ቁጥር ይንገሩን» አላት። የገንዘቡን መጠን በትክክል ጠራው። ለዚያ ነው ያመነችው። ቁጥሩን ልታነብለት መነጽሯን ስትፈልግ የጎረቤት ልጅ ደረሰና ስልኩን ከእጇ ተቀብሎ ዘጋው።

ያ ሰው መጠኑን ከየት አወቀ? ከሠላሳዎቹ አንዱ ይሆናል ብዬ አላምንም፤ የእናቴን ሰዎች አውቃቸዋለሁ። ግን ከሠላሳዎቹ አንዱ ለአንድ ሰው አሳይቶ፣ ያ ሰው ለሌላ ልኮ ይሆናል። ዋትሳፕ ስታተስህን ሰው ስክሪንሹት ሲያደርገው አይነግርህም። ኢንስታግራም ስቶሪም አይነግርም። ስናፕቻት ይናገራል፤ እኛ ሰፈር ግን ስናፕቻት ያላት እናት አላየሁም። ቴሌግራም ስቶሪ ስትለጥፍ ስክሪንሹት እንዳይደረግ መከልከል ትችላለህ፤ በሌላ ስልክ ፎቶ ለሚያነሳ ግን ምን ትከለክላለህ? 24 ሰዓት የሚቆጠረው ለጣፊው ስልክ ላይ ነው። ያየው ሰው ጋ ሌላ ሰዓት ነው የሚቆጥረው።

ዝርዝሩም ያየህን ስልክ እንጂ ያየህን ሰው አያሳይም። አንድ ስም ብቻ ተጽፎ ቤት ሙሉ ሰው አይቶት ሊሆን ይችላል። ስልክ በቡና ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁላችንም አይተናል።

እህቴ ይህን ከሁላችን ቀድማ ተምራለች። አንድ ሰው ነበር። አንድም ቀን ጽፎላት አያውቅም፤ ሰላም እንኳ አይልም። ግን ስታተስ በለጠፈች በደቂቃው ስሙ ይወጣል። ሁልጊዜ አንደኛ። «አንዳንዴ ፎቶው ገና እየወጣ ይመስለኛል፣ እሱ ቀድሞ አለ» አለችኝ። መቼ እንደምትነቃ ያውቃል። መቼ እረፍት እንደምትወጣ ያውቃል። መስኮት የሚታይበት ፎቶ መለጠፍ አቆመች። ከዚያ ዝም ብላ ከእሱ በስተቀር ሁሉም ይየው የሚለውን መረጠች። ለእሱ የደረሰው ማስታወቂያ የለም፤ የእሷ የስታተስ ክብ ከስልኩ ጠፋ፣ በቃ። ሳምንት ሳይሞላ ግን በዘመድ በኩል ስለ አዲሱ ፎቶዋ ጠየቀ። ቁጥሩን አጠፋች። ፎቶዋን ለማን እንደምታሳይም መቁጠር ጀመረች። አሁን አራት ሰው ብቻ ነው የሚያያት።

እንግዲህ እዩት። ያው አንድ ዝርዝር ነው። እናቴን የሚያስጨንቃት የጎደለ ስም ነው፤ እህቴን ያስጨነቃት የማይጎድል ስም ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ለዚህ ነው «ተመልካች መታየት አለበት» ወይም «መደበቅ አለበት» የሚል ክርክር ውስጥ መግባት የማልፈልገው። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እኔና ጓደኞቼ ስለ ስልክ ጥንቃቄ ስናወራ የምናወራው ስለ ዓይናችን ነው፤ ሲን አድርገን እንዴት እንደምንሰወር። የምንለጥፈው ለማን እንደሚደርስ የሚያጣራ የለም። ሪድ ሪሲት ባጠፋሁ ምሽት የራሴን ስታተስ ሁለት መቶ ምናምን ሰው ያየው ነበር። ስንቱን በደንብ አውቃለሁ? የቤት ኪራይ ደላላ፣ አንድ ጊዜ ዕቃ ያደረሰልኝ ልጅ፣ የድሮ አለቃ። በሬን ወለል አድርጌ ከፍቼ ዓይኔን ጨፈንኩ። ተጠበቅኩ ብዬም ተኛሁ።

ይህ ስቶሪና ስታተስ የሚባል ነገር ሲመጣ ለመሰወር ተብሎ የመጣ አልነበረም። ስናፕቻት ስቶሪን በፈረንጆቹ 2013 ሲጀምር ሐሳቡ የዕለቱን ለዕለቱ ማሳየት ነበር። ኢንስታግራም በ2016፣ ዋትሳፕና ፌስቡክ በ2017፣ ቴሌግራም በ2023 ተከተሉ። ሁሉም የማን አየው ዝርዝር አላቸው። ኢንስታግራም ላይ ዝርዝሩ ከፖስቱ ይልቅ ይቆያል፤ ፖስቱ በ24 ሰዓት ይወርዳል፣ ዝርዝሩን እስከ 48 ሰዓት ታየዋለህ። ቴሌግራም መሰወርን ይሸጣል። ለፕሪሚየም የከፈለ ሰው ያለፉትን አምስት ደቂቃና የሚመጡትን ሃያ አምስት ደቂቃ ዕይታውን መደበቅ ይችላል። «ፕሮፋይልህን ማን እንደሚያይ እናሳይሃለን» የሚሉ አፖች ደግሞ አሉ፤ ፓስወርድ ከጠየቁ የሚፈልጉት ፓስወርዱን ነው። ለማንም አትስጡ።

ሕጉም አለ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትና የደብዳቤ፣ የስልክ ግንኙነት እንዳይደፈር ይላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ እሱ የሚመለከተው የሰው መረጃ የሚሰበስቡና የሚይዙ አካላትን ነው። ጥሩ ነው። ግን እናቴ የለጠፈችውን ለጎረቤቱ ያሳየ ሰው ላይ አዋጅ ይዛ አትሄድም። እሷ የምትሄደው ሽማግሌ ጋ ነው።

እሑድ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎ ላይ ጭጋጉ መንገዱን ይዞት ሚኒባሱ በመብራት ነበር የሚሄደው። ቤት ስገባ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው አቦል ላይ ነው። ከበረካ በኋላ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጥኩና ስልኳን ተቀበልኳት።

ስታተሱን ለማን እንደምታሳይ መምረጥ እንደምትችል አሳየኋት። ለሁሉም፣ ከእገሌ በስተቀር ለሁሉም፣ ወይም ለመረጥኳቸው ብቻ። የቀየርነው ከዚህ በኋላ ለምትለጥፈው ነው፤ ቀድሞ የወጣውን አይመልስም። ሰማችኝ። ከዚያ ዝርዝሩን ከላይ ጀምረን ወረድን። እያንዳንዱ ስም ላይ ትቆማለች።

«ይህችን ላውጣት?» አልኳት። እናቴን የምታማት ሴት ናት፤ ራሷ እናቴ ናት የነገረችኝ።

«ካወጣኋት ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ እማ። ምንም አይደርሳትም።»

ስልኩን ትንሽ አየችው።

«እኔ ግን አውቃለሁ» አለች። «ነገ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። ስሙን አለፍነው።

በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። ጦሳ፣ ጀበና፣ ጽጌረዳ፣ ዝናብ ለሁሉም። ማን ይከለከላል ከጦሳ? የእህቴ ፎቶ ከሆነ ለሦስት ሰው ብቻ፤ ለእሷ፣ ለእኔ፣ ለአክስቴ። የባንክ ወረቀት፣ የሐኪም ወረቀት፣ የልጅ ልጆች ፎቶ ከነትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸው ጭራሽ አይወጣም። ምስጋናውን በድምፅ ለእህቴ ብቻ ትልካለች። «እሱማ ይሻላል፣ ድምፄን ስትሰማ አውቃለሁ» አለች። ሰማያዊውን ማይክሮፎን ማለቷ ነው።

ደላላውን ግን ራሷ አወጣችው። አልጠየቅኳትም።

ማታ መብራት መጥቶ ነበር። እናቴ፣ እህቴ ልጅ ሆና ጦሳ ሥር የተነሳችውን አሮጌ ፎቶ ከግድግዳ ላይ በስልክ አንስታ ለሦስታችን ለጠፈችው። እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ስልኬን አወጣሁና ከፈትኩት።

«አንተ ምን ያደርግልሃል? ግድግዳው ላይ አለልህ» አለችኝ።

«ስሜ ይኑርበት ብዬ ነው።»

የዓይን ምልክቷን ነካች። አንድ። እኔ ነኝ። መነጽሯን ከፍ አድርጋ ስሜን አነበበችው፣ እዚያው አጠገቧ እያለሁ። አክስቴ ከእራት በኋላ ተከተለች። ከዚያ ስልኩን ትራሷ ላይ አስቀምጣ ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ዘንድሮ ዝናብ። አምስት ሰዓት አለፈ። አምስት ከሃያ ሲሆን ስልኩ በራ። አነሳችው፣ አየችው፣ «አለች» አለችና መብራቱን አጠፋች።